ጀርባውን ለጣና የሰጠው መንገድ

አያቴ የተወለዱት ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊው በሆነው በደቅ ነው። ተድረው ወደ ጎንደር ከመጡ በኋላ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ቢኖሩም፣ «መንገድ» የሚለው ቃል በእሳቸው አንደበት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው፤ ወደ አዘዞ መውረድ፣ ከአዘዞ የደንቢያን ሜዳ ይዞ በቆላ ድባና በጯሂት አልፎ ጎርጎራ መድረስ፣ ከጎርጎራም በኋላ በውኃው ላይ መቀጠል። ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው «ሸዋ ሄደ»፣ ወደ መተማ የሄደ ደግሞ «ቆላ ወረደ» ይባላል፤ «መንገድ ወጣ» የሚባለው ግን ለእሳቸው ባሕሩን ሊሻገር የተነሣ ሰው ብቻ ነበር። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ይህን እንደ ቀልድ እንሰማው ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ከጎንደር ባሕር ዳር መሄድ ማለት ማለዳ መናኸሪያ ተገኝቶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቁርስን እዚያው ደርሶ መብላት ነበርና።

ያንን የአስፋልት መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁበት ቆጥሬው አላውቅም። ርዝመቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአዘዞ ተነሥቶ በማክሰኝት፣ በእንፍራንዝ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታና በሐሙሲት ያልፋል። በካርታ ላይ ሲታይ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ እንደ ክንድ አቅፎ የሚወርድ ይመስላል። በመኪና ሲሄዱበት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከአገሪቱ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ በስተቀኝ ተኝቶ ሳለ መንገደኛው ከጥቂት ደቂቃ በቀር ውኃ ሳያይ ባሕር ዳር ይገባል። ከሸዋ የመጡ እንግዶችን ይዤ ስጓዝ «ጣና የት አለ?» ብለው ያልጠየቁኝ የሉም፤ እኔም በእጄ ወደ ሩዝ ማሳውና ወደ ከብቱ መንጋ እየጠቆምሁ «ከዚያ ወዲያ ነው» ከማለት ሌላ የማሳያቸው አልነበረኝም።

መንገዱን የቀየሰው መሐንዲስ ግን አልተሳሳተም። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከደጋው አፈር እየጠረጉ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ሐይቁ ከመድረሳቸው በፊት የሚያራግፉት ደለል የደንቢያንና የፎገራን ሜዳ ሠርቶታል፤ ያ ሜዳ ደግሞ ክረምት ሲገባ ውኃ ተኝቶበት ይከርማል። በደህና ቀን ጥቁር አፈሩ እግር ይይዛል፤ በጎርፍ ጊዜ መንደር ከመንደር የሚገናኘው በታንኳ ነው። ስለዚህ መኪና የሚሄድበት መንገድ የተራሮቹን ግርጌ ተጠግቶ ከሜዳው ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ግድ ነበር። ይህን ሁሉ ተረድቼም ቢሆን፣ መንገዱ ጀርባውን ለሐይቁ እንደሰጠ ሳስብ ቅር የሚለኝ ነገር አይጠፋም፤ ምክንያቱም ከዚህ መንገድ በፊት የነበረው መንገድ ፊቱ ወደ ውኃው ነበር።

ጎንደር ራሷ ከሐይቁ የወጣች ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገሥታቱ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ከመጽናታቸው በፊት ለብዙ ዓመታት በጣና ዙሪያ ነበር ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ የኖሩት። ሠርፀ ድንግል በእንፍራንዝ አጠገብ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ አሠሩ። ሱስንዮስ በጎርጎራ ከተሙ፤ እሳቸውን ካቶሊክ ያደረገው ኢየሱሳዊው ፔሮ ፓኤዝም በ1614 ዓ.ም. የሞተው እዚያው ጎርጎራ ነው። ዛሬ ማርያም ግምብ የሚባለው የአሮጌው ጎርጎራ ፍርስራሽ ከአሁኑ ከተማ ራቅ ብሎ በውኃው ዳር ይገኛል፤ እንደ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሳይሆን ባለቤቱ ድንጋዩን ለጎረቤት እንደሰጠው አሮጌ ቤት የተራቆተ ነው። ሱስንዮስ የተቀበሩት በአዘዞ ሲሆን፣ ልጃቸው ፋሲልም በ1660 ዓ.ም. አዘዞ ላይ ሞቱ።

የፋሲል አስከሬን ግን ግንብ በሠሩባት ከተማ አልቀረም። ዛሬም ድረስ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከዳዊትና ከዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ጋር በአንድ ዕቃ ቤት ይገኛል። ደጋ በሐይቁ መካከል ያለ ደሴት ነውና የንጉሡ የመጨረሻ ጉዞ በምንም መንገድ ቢሆን ያለ ታንኳ ሊፈጸም አይችልም ነበር። በየዓመቱ ለጥምቀት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ተጨናንቀን ስንቆም፣ የመዋኛው ባለቤት ራሱ በትልቁ ውኃ መካከል ማረፉን የሚያስታውስ ሰው ምን ያህል ይሆን እያልሁ አስባለሁ። አያቴ ደግሞ የራሳቸው ቅሬታ ነበራቸው፤ ደጋ ከተወለዱበት ከደቅ ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ አንድ ቀን እንኳ ረግጠውት አያውቁም። «ፋሲልን እናንተ ጎንደሬዎቹ ታወሩታላችሁ፣ ጎረቤቱ ግን እኔ ነኝ» ይሉን ነበር።

እኔ ያንን መንገድ የሄድሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘመኑም 2003 ዓ.ም. ነበር። የአያቴ ወንድም ደቅ ላይ ዐርፈው ተዝካራቸው የሚወጣበት ቀን ደረሰ፤ አያቴ በዚያ ጊዜ ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር እኔ በእሳቸው ፈንታ እንድገኝ ታዘዝሁ። ሁለት ኪሎ ቡና፣ አንድ እሥር ጧፍና ለሟች ሚስት የሚሰጥ ነጠላ በፌስታል አሥረው ካስያዙኝ በኋላ «በባሕር ዳር እንዳትዞር፤ በጎርጎራ ሂድ፤ ሰው የሚሄደው በጎርጎራ ነው» አሉኝ። በባሕር ዳር በኩል ብሄድ እንደሚቀለኝ ባውቅም ቃላቸውን መጣስ አልደፈርሁም።

ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ያለው ርቀት ከ65 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚያ ዘመን ግን ጠጠሩ ተበልቶ ያለቀ መንገድ ስለነበር አውቶቡሱ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከአዘዞ ሲታለፍ ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና ደንቢያ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ሆኖ ይመጣል፤ ሽንብራው፣ ጓያው፣ የታጨደው ጤፍ ክምር፣ በየክምሩም አጠገብ የሚጠብቅ ልጅ። ቆላ ድባ ላይ የወረደው ወርዶ የተሳፈረው ተሳፈረ። ጯሂትን ካለፍን በኋላ ረዳቱ ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ባሕሩ!» አለ፤ ማንም ቀና አላለም፤ እኔ ብቻ ተነሥቼ አየሁ።

ጎርጎራ የደረስሁት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጀልባው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ሐሙስ ከጎርጎራ ተነሥቶ ቁንዝላ አድሮ ዓርብ ባሕር ዳር ይገባ ነበር፤ እሑድ ደግሞ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሰኞ ጎርጎራ ይመለስ ነበር። ትኬት የሚሸጥበት ክፍል ተዘግቶ በሩ ላይ በወረቀት የተለጠፈ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ የመነሻው ሰዓት «6፡00» ይላል። እኔም እንደማንኛውም የአገር ልጅ ቀትር ላይ ነው ብዬ ተረዳሁትና በማለዳ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሜ፣ የዚያችን ክብ ቤተ ክርስቲያን የድሮ ሥዕሎች አይቼ፣ ምሳዬን በልቼ ልሳፈር ዐቀድሁ። ለእራት በተቀመጥሁበት ቤት ባለቤቲቱ «ልጄ፣ ነገ ተሻጋሪ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። ነኝ ብዬ ሰዓቱን ብነግራቸው ሳቁ። «ያ የፈረንጅ ሰዓት ነው እኮ። ጀልባው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ማን ባሕር ይገባል?» አሉኝ። ጠዋት በአሥር ተኩል ላይ በራቸውን ከፍተው ባይቀሰቅሱኝ ኖሮ ተዝካሩ ያለ እኔ ባለፈ፣ እኔም ለአያቴ የማቀርበው ምክንያት በጠፋኝ ነበር። ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው ለማን ብሎ እንደጻፈው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ በዚያ ጀልባ ላይ አንድም ፈረንጅ አልነበረም።

ለምን ማለዳ መነሣት እንዳስፈለገ የገባኝ ከተሳፈርሁ በኋላ ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ውኃው ስፉሕና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ «ጠዋት ባሕሩ ቄስ ነው፣ ከሰዓት ሽፍታ ይሆናል» አሉኝ። እሳቸው የጀልባውን ድርጅት ከጣሊያን ዘመን በቀረው ስም «ናቪጋጣና» እያሉ ነበር የሚጠሩት።

በመርከቧ ወለል ላይ የተጫነው ዕቃ ስለ መንገዱ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይናገር ነበር። የደንቢያ ሽንብራ በጆንያ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ በጥቅል፣ የለስላሳ ሣጥን፣ እግራቸው የታሠረ ዶሮዎች፣ ከጎንደር የተገዛ አንድ አዲስ የእንጨት አልጋ ተበታትኖ፣ በአልጋው ላይ ደግሞ የተኛ ሕፃን። አንዲት ሴት ከባሏ ቤት ተቀይማ ወደ ደልጊ እናቷ ዘንድ እየተመለሰች መሆኑን ገና ወደቡን ሳንለቅ ጀልባው ሁሉ ዐወቀ፤ ደልጊ እስክንደርስም አምስት ሽማግሌዎች ተሰይመው ነገሩን ሰምተው፣ ከባሏ ወገን የሆነ ሰው ከተሳፋሪው መካከል አግኝተው፣ የዕርቅ ቀን ቆርጠው ነበር። በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር ሳይነጋገር ለሚወርድ ለእንደ እኔ ያለ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

በምዕራቡ ዳርቻ ያሉት ደልጊና ቁንዝላ በውኃው ዳር የተቀመጡ የገበያ ከተሞች ናቸው። የምሥራቁ ዳርቻ አስፋልት ሲያገኝ እነሱ በወዲያኛው ወገን ስለቀሩ ጀልባው ለእነሱ ጌጥ ሳይሆን አውቶቡስ ነበር። ቁንዝላ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጭቃ የተመረገ ባለ አንድ በር ክፍል ተከራይቼ፣ ከጎኑ ባለው ጠላ ቤት የሐይቅ ዓሣ ከእነ ጭንቅላቱ ተጠብሶ በበርበሬ ቀረበልኝ፤ ቤት ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ ከጀልባው የወረድን ስለነበርን የተቋረጠው ወሬ እንደገና ቀጠለ።

ጠዋት ከመሳፈሬ በፊት በዳርቻው ላይ ታንኳ የሚሠራ ሰው አየሁ። ደንገሉን ሥሩን ወደ አንድ ወገን እያደረገ በነዶ በነዶ አሥሮ፣ ነዶዎቹን በልጥ ገመድ እያጠላለፈ ይሰፋቸዋል፤ ጫፉን በጉልበቱ ተጭኖ ወደ ላይ ሲያጎብጠው አፍንጫ ይወጣለታል። በመካከሉ ሌላ የደንገል ነዶ እንደ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ቀዛፊውም ዕቃውም የሚቀመጡት በዚያ ላይ ነው፤ ታንኳ ውኃ እንዳይገባው ተደርጎ የሚሠራ ሳይሆን ውኃ ገብቶትም እንዲንሳፈፍ ሆኖ የሚሠራ ነውና። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ደረቅ ተስቦ ካልደረቀ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብድና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። ይህን ሙያ ከማንም በላይ የያዙት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው፤ ነገሥታት፣ ታቦት፣ ቡናና ማገዶ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ሐይቅ ላይ የተመላለሱት በእነሱ እጅ ሥራ ቢሆንም፣ በከተማችን ስለ ታሪክ ሲወራ ስማቸው እምብዛም አይነሣም።

ደቅ የደረስሁት ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። የተቀበሉኝ ዘመዶች ከሰላምታው ቀጥለው የጠየቁኝ ስለ ጎንደር ሳይሆን «ውኃው ደህና ነበር?» ብለው ነው። ተዝካሩ ቅዳሜ ወጣ። ነጠላውን ለሟች ሚስት ስሰጣቸው ጫፉን አሽትተው «የእሷ ሣጥን ሽታ» አሉና ዐይናቸውን ጠረጉበት። ከሰዓት በኋላ በደሴቱ ዳር ወዳለችው ናርጋ ሥላሴ ወሰዱኝ። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ጎንደር ቁስቋም ላይ ያለውን ግንባቸውን እያየ ላደገ ሰው፣ ያንኑ የድንጋይና የኖራ እጅ በደሴት ዳር፣ በዛፍና በውኃ መካከል ሲያገኘው የሚሰማው ስሜት ልዩ ነው። ከቁስቋም እስከ ናርጋ ድንጋይ ጠራቢውም፣ ሠዓሊውም፣ ኖራውም የሄደበት መንገድ አያቴ «መንገድ» የሚሉት መሆኑ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ወደ ጎርጎራ የሚመለሰውን የእሑዱን ጀልባ ሳልጠብቅ ወደ ደቡብ በሚሄድ የሞተር ጀልባ ተሳፈርሁ። ዘጌ ላይ ብዙ አልቆየሁም። በልሳነ ምድሩ በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ነው የሚተዳደረው፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ስንሻገር ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች በተርታ ሲቀዝፉ በመካከላቸው አለፍን፤ ሞተረኛው ማዕበሉ እንዳያናውጣቸው ፍጥነቱን ቀነሰ። ከባሕር ዳር ጎንደር የተመለስሁት በሚኒባስ ነው፤ በዚያ ጉዞም እንደ ወትሮው ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በመገጭ አፍ አካባቢ እምቦጭ የሚባለው አረም ታየ፤ ከዚያም በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ። አበባው ሐምራዊና ውብ ነው፤ ዓሣ አጥማጁን ግን መረቡን ያሳጣዋል፣ የሞተሩን ፕሮፔለር ይጠመጥማል፣ ታንኳም አያሳልፍም። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው፣ ከየከተማው ተማሪዎች ሲዘምቱ፣ በ2013 ዓ.ም.ም ሰፊ ዘመቻ ሲደረግ አይተናል፤ እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ቀን ሄጄ ነቅያለሁ፤ የነቀልነው ክምር ከኋላችን ሳይደርቅ ከፊታችን ያለው እየሰፋ ነበር። ጎርጎራ በበኩሏ «በገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ትልቅ መዝናኛ ተሠርቶባታል። ለጣና የታሰበችው «ጣናነሽ 2» የተባለች መርከብም ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና በየብስ ስትመጣ አገር ሁሉ በስልኩ ተከታትሏታል። መርከብ በአስፋልት ተጉዛ ወደ ሐይቅ መግባቷን አያቴ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም። ለእኔ ግን መለኪያው የእንግዳ ማረፊያው ውበት አይደለም፤ ደልጊ ያለችው ሴት ሽንብራዋን ጭና በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በሚከፈል ዋጋ መሻገር መቻሏ ነው። የደሴቱ ሰው ለጉብኝት በሚከራይ ፈጣን ጀልባ ገበያ ሊውል አይችልም።

አያቴን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የወሰድኋቸው ለሕክምና ሲሆን፣ የሄድነውም በአስፋልቱ ነው። ከፊት ወንበር በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኋቸው። ማክሰኝትን እስክናልፍ ዝም ብለው ቆዩ። እንፍራንዝ አካባቢ መንገዱ ከፍ ሲል በሁለት ኮረብታዎች መካከል የውኃው ብርሃን ለአፍታ ብልጭ አለ። እጃቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው «ደቅ ይታያል?» አሉኝ። «አይታይም እማማ፣ ሩቅ ነው» አልኋቸው። ሹፌሩን ቀስ እንዲል ጠየቅሁት፤ እሱም ቀስ አለ፤ ከኋላችን የነበረው መኪና ግን ጡሩምባውን ነፋ።